ፀሐይ ያላየው ማዕድ

እ.ኤ.አ. በ1819 ዣን ባፕቲስት ላማርክ ፓሪስ ውስጥ አከርካሪ አጥንት ስለሌላቸው እንስሳት የሚጽፈውን ባለብዙ ቅጽ መጽሐፍ ወደ ማገባደዱ ተቃርቦ ነበር። ሰውየው ሰባውን አልፏል፤ ዓይኑም ጠፍቷል። የቀረውን ሥራ የሚገፋው ቃሉን እያስጻፈ፣ በሴት ልጁ እርዳታ ነው። በዚያ ዓመት በወጣው ቅጽ ስም ካወጣላቸው ቅሪተ አካላት አንዱ ጀርባው በብዙ ሸንተረር የተሰመረ ትልቅ ዛጎል ነበር። ዛሬ ሳይንሱ ፔሬግሪኔላ ይለዋል። ላማርክ መልኩን ገልጾ፣ ስም ሰጥቶ ወደ ቀጣዩ አለፈ። እንስሳው የት እንደኖረና ምን እንደበላ ለማወቅ ግን ከዚያ በኋላ ከ170 ዓመት በላይ መጠበቅ ነበረበት። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ፔሬግሪኔላ ብራኪዮፖድ ነው። ብራኪዮፖዶች ሁለት ክዳን ስላላቸው በባሕር ዳር ከምናውቃቸው ባለሁለት ክዳን ዛጎሎች ጋር ይምታታሉ እንጂ በትውልድ ሐረግ የቅርብ ዘመዶች አይደሉም። ፔሬግሪኔላ ከ130 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ የኖረ ሲሆን በዳይኖሰሮች ዘመን ከነበሩ የቅርብ ዘመዶቹ ሁሉ በትልቅነት ይበልጣል። ሰብሳቢዎችን ግራ ያጋባቸው አገኛኘቱ ነው። በፈረንሳይ፣ በካርፓቲያ ተራሮች፣ በክራይሚያ፣ በቲቤት፣ በካሊፎርኒያ ተገኝቷል፤ ይህን ያህል ርቀት የተራራቁ ቦታዎች ናቸው። በተገኘበት ሁሉ ደግሞ በአንዲት ጠባብ ቦታ ላይ ተጨናንቆ ይገኛል፤ ከዚያች ቦታ ጥቂት እልፍ ሲሉ አንድም የለም። እንዲህ ዓለምን የዞረ እንስሳ በየደረሰበት አንዲት ጉድጓድ ላይ ብቻ የሚሰፍረው ለምንድን ነው?

ከ1860ዎቹ ጀምሮ ጣሊያኖችም ተመሳሳይ እንቆቅልሽ ይዘው ነበር። በአፔኒን ተራሮች፣ በተለይ በሮማኛ አካባቢ፣ ለስላሳና ሸክላ የበዛበት ድንጋይ ኮረብታዎቹን ይሸፍናል። ድንጋዩ ጥልቅ ባሕር ወለል ላይ የረጋ ጭቃ ነው። በመካከሉ ግን እንደ ደሴት ብቻቸውን የቆሙ ጠንካራ የኖራ ድንጋይ ቋጥኞች አሉ፤ ውስጣቸውም ሉሲና በተባለ ወፋፍራም ባለሁለት ክዳን ዛጎል የታጨቀ ነው። ቋጥኞቹ የሉሲና ኖራ ድንጋይ ተባሉ። ስሙ ጸደቀ፤ ምክንያቱ ግን አልታወቀም።

በ1890ዎቹ ግሮቭ ካርል ጊልበርት ወደ ኮሎራዶ መጣ። ጊልበርት በአሜሪካ የጂኦሎጂ ጥናት መሥሪያ ቤት ስመ ጥር ከሆኑት ሰዎች አንዱ ነው። የመጣበት ጉዳይ ዛጎል ሳይሆን ውኃ ነበር፤ በአርካንሳስ ወንዝ ሸለቆ ለሰፈሩ ገበሬዎች ከመሬት በታች ውኃ የት እንደሚገኝ ለማጥናት። በፑዌብሎ ከተማ ዙሪያ ያለው ሜዳ ለጥ ያለ፣ ዛፍ የማይበዛበት ነው። በዚህ ሜዳ ላይ ሾጣጣ ትናንሽ ኮረብታዎች እዚህም እዚያም ብቅ ብቅ ይላሉ። ቅርጻቸው የሜዳውን ነባር ሕዝቦች ሹል ድንኳን፣ ቲፒን፣ ስለሚያስታውስ የቲፒ ኮረብታዎች ተባሉ። ጊልበርትና ባልደረባው ኤፍ. ፒ. ጉሊቨር በ1895 ስለ እነርሱ ጽሑፍ አሳተሙ።

ከኮረብታዎቹ አንዱን ቀርቦ ማየት ያስፈልጋል። ቁልቁለቱ በተሰባበረ ጥቁር የጭቃ ድንጋይ የተሸፈነ ነው፤ በእጅ ሲያሹት ይፈረፈራል። ጫፉ ላይ ሲደርሱ ግን ድንጋዩ ይለወጣል። ከመሬት ቀጥ ብሎ የወጣ ግራጫ የኖራ ድንጋይ ዓምድ ይገኛል፤ ኮረብታውን ከዝናብና ከነፋስ ያዳነው ይህ ዓምድ ነው። ድንጋዩ ቀዳዳ የበዛበት ሲሆን አንዳንዱ ቀዳዳ በካልሳይት ክሪስታል ተሞልቷል። በየአቅጣጫው የሉሲና ዛጎሎች አሉ፤ ብዙዎቹ ሁለቱም ክዳናቸው እንደተገጠመ ነው። ይህ ትልቅ ምልክት ነው። ባለሁለት ክዳን እንስሳ ሞቶ ማዕበል ሲያንከባልለው ክዳኖቹ ይለያያሉና። እነዚህ ግን ከሌላ ቦታ ተጠርገው አልመጡም፤ እዚያው ኖረው እዚያው ሞቱ። ዘመኑ ከ75 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ ነው። በዚያን ጊዜ ከአርክቲክ እስከ ሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ የተዘረጋ ባሕር ሰሜን አሜሪካን ለሁለት ከፍሏት ነበር።

ጊልበርት ያየውን በጥንቃቄ መዘገበ። ከዚያ በላይ መሄድ ግን አይችልም ነበር፤ የሚያነጻጽርበት ሕያው ምሳሌ አልነበረውም። የጂኦሎጂ ሰው የጥንቱን የሚያነብበው በዛሬው ነው፤ የዛሬውን ወንዝ አይቶ የጥንቱን አሸዋ ያውቃል። ለቲፒ ኮረብታዎች የሚሆነው የዛሬ ምሳሌ ግን በጨለማ ውስጥ፣ ማንም ባልደረሰበት ጥልቀት ነበር። በዘመኑ እውቀት ጥልቁ ባሕር ድሃ አገር ነው። የፀሐይ ብርሃን ከ200 ሜትር በታች ለተክል የሚበቃ አይደለም፤ ከዚያ በታች ያለው ሁሉ ከላይ በሚንጠባጠብ ፍርፋሪ ይኖራል ተብሎ ይታመን ነበር። ፍርፋሪ ደግሞ እንዲህ ያለ መንጋ አያበላም።

መልሱ የመጣው ከሌላ አቅጣጫ፣ ፍል ውኃ ሊፈልጉ ከወጡ ሰዎች ነው። በፌብሩዋሪ 1977 ከጋላፓጎስ ደሴቶች ወጣ ብሎ፣ የባሕሩ ወለል በሚሰነጠቅበት መስመር ላይ አንድ የጂኦሎጂና የኬሚስትሪ ቡድን ሥራ ጀመረ። መጀመሪያ አንገስ የተባለ፣ ከመርከብ በገመድ የሚጎተት የካሜራ ሳጥን ወደ 2,500 ሜትር ገደማ ወረደ። የሙቀት መለኪያው ለአጭር ጊዜ ከፍ ብሎ ተመለሰ። ፊልሙ ሲታጠብ ከ3,000 ያህል ፎቶዎች ውስጥ 13ቱ ብቻ፣ ልክ በዚያች ሙቀት በጨመረባት ቅጽበት የተነሡት፣ በነጫጭ ትላልቅ ዛጎሎች የተሞላ ወለል አሳዩ። ቀጥሎ አልቪን የተባለችው ትንሽ ጠላቂ መርከብ ጃክ ኮርሊስንና ቼርድ ቫን አንዴልን ይዛ ወረደች። ከዛጎሎቹ በተጨማሪ ቀይ ጫፍ ያላቸው ረጃጅም የቱቦ ትሎችም በአካባቢው ተገኙ።

በጉዞው ላይ አንድም የሥነ ሕይወት ባለሙያ አልነበረም። ማንም እንስሳ አገኛለሁ ብሎ አልተነሣምና ናሙና ማቆያ ፎርማሊን እንኳ በቂ አልያዙም፤ ከእንስሳቱ ጥቂቱን ፓናማ ላይ በገዙት የሩሲያ ቮድካ ውስጥ አቆዩት። የውኃው ናሙና መርከብ ላይ ሲከፈት ክፍሉን የበሰበሰ እንቁላል ሽታ ሞላው። ሃይድሮጂን ሰልፋይድ ነው። ለአብዛኛው እንስሳ መርዝ የሆነው ይህ ጋዝ የምግቡ ምሥጢር ሆኖ ተገኘ።

ምሥጢሩን የፈታችው ኮሊን ካቫና የምትባል የሃርቫርድ ተማሪ ናት። የቱቦ ትሉ አፍም አንጀትም የለውም። የትል ሊቁ ሜሬዲት ጆንስ በሰጠው ትምህርት ላይ በትሉ ሰውነት ውስጥ የሰልፈር ቅንጣቶች እንዳሉ ሲናገር ካቫና ነገሩ ገባት፤ በትሉ ሥጋ ውስጥ ሰልፋይድን እንደ ነዳጅ ተጠቅመው ምግብ የሚሠሩ ባክቴሪያዎች መኖር አለባቸው። ማስረጃዋን በ1981 አሳተመች። ትሉ ለባክቴሪያዎቹ ቤትና ሰልፋይድ ይሰጣል፤ እነርሱ ይመግቡታል።

ያም ሆኖ ይህ የፍል ውኃ ታሪክ ነው፤ ፍል ውኃ የሚወጣው እሳተ ገሞራ ባለበት ነው። የጣሊያንም የኮሎራዶም ድንጋዮች የተፈጠሩት ግን ጭቃ በሚረጋበት ጸጥ ባለ ባሕር ነበር። ክፍተቱ የተሞላው በ1984 ነው። ቻርልስ ፖል የነበረበት ቡድን በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ፣ በፍሎሪዳ ገደል ግርጌ፣ ከ3,200 ሜትር በሚበልጥ ጥልቀት በአልቪን ሲወርድ የቱቦ ትልና የዛጎል መንጋ አገኘ። እዚህ ፍል ውኃ የለም፤ ውኃው ቀዝቃዛ ነው። ከገደሉ ሥር ሰልፋይድ የያዘ ጨዋማ ውኃ ይሰርጋል፤ ለመንጋው ያ በቃው። በዚያው ዓመት በኦሪጎን የባሕር ጠረፍ ፊት ለፊት፣ አንዱ የመሬት ንጣፍ ከሌላው በታች በሚገባበት ቦታ፣ ሌላ ቡድን ሚቴን የሚያፈስሱ ምንጮችን አየ፤ በምንጮቹ ዙሪያ ዛጎሎች፣ ከዛጎሎቹ ጎን ደግሞ እየጠነከረ ያለ የኖራ ድንጋይ። በ1985 ደግሞ ከሉዊዚያና ወጣ ብሎ፣ ነዳጅ ዘይትና ጋዝ ከወለሉ በሚንጠባጠብበት ቦታ ተመሳሳይ እንስሳት መኖራቸው ተነገረ። በዓመቱ አንዳንዶቹ ዛጎሎች በውስጣቸው በያዟቸው ባክቴሪያዎች አማካይነት ሚቴንን ራሱን ምግብ እንደሚያደርጉ ታወቀ። የዚያ አካባቢ ቱቦ ትሎች ሁለት ሜትር ለመድረስ ከ170 እስከ 250 ዓመት ይፈጅባቸዋል፤ ይህ የተሰላው በ2000 ነው። ዛሬ በሕይወት ያለ አንድ ትል ላማርክ መጽሐፉን ሲጽፍ ተወልዶ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

አሁን በየሙዚየሙ ሣጥን የተቀመጠው ሁሉ በአዲስ ዓይን መታየት ነበረበት። ከቀደሙት መካከል ክርስቲያን ጋያርና ባልደረቦቹ ይገኛሉ። በደቡብ ምሥራቅ ፈረንሳይ፣ በድሮም አውራጃ ቦቯዛን አካባቢ፣ በጥቁር የጭቃ ድንጋይ መካከል የሚገኙ ሉሲና የሞላባቸው የኖራ ድንጋይ ጉብታዎችን ያጠኑ ነበር፤ ዕድሜያቸው 160 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። በ1986 ጋያርና ባልደረባው ሮላን እነዚህን ጉብታዎችና የጊልበርትን የቲፒ ኮረብታዎች ጎን ለጎን አስቀምጠው፣ ሁለቱም ከባሕር ወለል በሚወጣ ምንጭ ዙሪያ የኖሩ ማኅበረሰቦች ሳይሆኑ አይቀሩም አሉ። ከ1895 እስከ 1986 ዘጠና አንድ ዓመት ነው። ጊልበርትን በዚህ መውቀስ አይገባም፤ ይልቅስ ያልገባውን ነገር ሳያድበሰብስ፣ ዛጎሉ የት እንዳለና የት እንደሌለ በትክክል በመጻፉ ነው ኋለኞቹ ሊያነጻጽሩት የቻሉት።

መመሳሰል ብቻውን ግን ማስረጃ አይሆንም። ቁርጡን ያሳወቀው ካርቦን ነው። ተመራማሪው ከድንጋዩ በጥርስ ሐኪም መሰርሰሪያ መሳይ መሣሪያ ጥቂት ዱቄት ያወጣል። አሲድ ሲያንጠባጥብበት ዱቄቱ ይፈላል፤ የወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ አተሞችን በክብደት ወደሚለይ መሣሪያ ይገባል። ካርቦን ሁለት የረጉ ዓይነቶች አሉት፤ ቀላሉ ካርቦን 12፣ ከባዱ ካርቦን 13። ሚቴን ቀላሉ የበዛበት ጋዝ ነው። ተራ የባሕር ኖራ ድንጋይ በመለኪያው ላይ ዜሮ አካባቢ ይቀመጣል። ካርቦኑ ከሚቴን የመጣ ድንጋይ ግን ከዜሮ በታች በሺህ 40፣ አንዳንዴም 50 ይወርዳል። ዛጎል ሊያሳስት ይችል ይሆናል፤ እንዲህ ያለ ቁጥር ግን ከሚቴን በቀር ምንጭ አይገኝለትም።

በ1988 በሰሜን ጣሊያን፣ በሞንፌራቶ ኮረብታዎች፣ የማርሞሪቶ ኖራ ድንጋይ ከሚቴን ጋር የተያያዘ መሆኑ ተጻፈ። በ1989 ቤኖዋ ቦሻምና ባልደረቦቹ ከካናዳ አርክቲክ፣ ከኤሌፍ ሪንግነስና ከፕሪንስ ፓትሪክ ደሴቶች፣ በቱቦ ትልና በዛጎል የተሞሉ ጉብታዎችን ከሚቴን ምንጭ የተወለዱ ናቸው ብለው አቀረቡ፤ የካርቦኑ ልኬትም አብሮ ቀረበ። የሮማኛዎቹ የሉሲና ቋጥኞች ተራ በ1994 ደረሰ፤ ማርኮ ታቪያኒ የጥልቅ ባሕር ቀዝቃዛ ምንጮች ቅሪት መሆናቸውን አሳየ።

በ1990 የወጣው የዋሽንግተን ግዛት ሥራ ለብቻው ሊነገር ይገባዋል። ከጸሐፊዎቹ አንዱ ጂም ጎደርት ቅሪተ አካል በራሱ ፍቅር የሚሰበስብ፣ እውቀቱን በሜዳ ያካበተ ሰው ነው። በደቡብ ምዕራብ ዋሽንግተን ጫካና የድንጋይ ካባዎች ውስጥ፣ በጥልቅ ባሕር ጭቃ መካከል ተነጥለው የሚገኙ የኖራ ድንጋዮችን ተከታተለ። ከሪቻርድ ስኳየርስ ጋር ሆኖ ድንጋዮቹ ከ34 ሚሊዮን ዓመት በፊት ባበቃው የኢዮሲን ዘመን የነበሩ የሚቴን ምንጮች መሆናቸውን አሳወቀ። ድንጋዮቹ የተገኙት ከኦሪጎኑ ሕያው ምንጭ ብዙም ሳይርቁ፣ በዚያው ንጣፍ ከንጣፍ በሚገባበት ጠረፍ ላይ ነው። በቤር ሪቨር ከተገኙት ዛጎሎች መካከል ዛሬ በፍል ውኃና በሚቴን ምንጮች ዙሪያ የሚኖረው የባቲሞዲዮለስ ወገን ይገኝበታል። በ1977 እንግዳ መስለው የታዩት እንስሳት ዘመዶች በአንድ የድንጋይ ካባ ውስጥ ተቀምጠው ነበር።

ላማርክ ስም ያወጣለት ብራኪዮፖድ ተራው የደረሰው በ1995 ነው። ካትሊን ካምፕቤልና መምህሯ ዴቪድ ቦትጀር የፔሬግሪኔላን መገኛዎች አንድ በአንድ መረመሩ፤ እንስሳው የቀዝቃዛ ምንጭ ነዋሪ ብቻ ነው ወደሚል ድምዳሜም ደረሱ። ያ ሁሉ ርቀትና ያ ሁሉ መጨናነቅ በአንዴ ትርጉም አገኘ። ሚቴን በሚሰርግበት ሁሉ ይኖራል፤ በማይሰርግበት የለም። ከዚህ የሚበልጠው ግኝታቸው ግን ሌላ ነው። ከ130 ሚሊዮን ዓመት በላይ ወደ ኋላ ሲኬድ በብዙዎቹ የምንጭ ማኅበረሰቦች ጌቶቹ ብራኪዮፖዶች ነበሩ፤ ከዚያ ወዲህ ቦታውን ባለሁለት ክዳኖቹ ወረሱ። ዛሬ በሕይወት ያሉ ብራኪዮፖዶች በሥጋቸው ውስጥ እንዲህ ያለ ባክቴሪያ አይዙም፤ ስለዚህ የጥንቶቹ እንዴት ይመገቡ እንደነበር ክርክሩ እስካሁን አልተዘጋም።

ድንጋዩን ማን ሠራው የሚለው ጥያቄም ገና አልተመለሰም ነበር። ሚቴን ኦክስጅን በሌለበት ጭቃ ውስጥ ሲጠፋ ኬሚስቶች ካዩ ቆይተዋል፤ የሚበላው ፍጥረት ግን አልተያዘም። በ1999 ፎልከር ቲልና ባልደረቦቹ ከዚያው ከማርሞሪቶ ድንጋይ አርኬያ የተባሉ ደቂቅ ሕዋሳት ቅባት ቅሪት አወጡ፤ ካርቦኑ እጅግ ቀላል፣ ከሚቴን የመጣ ነው። በዓመቱ አንቲየ ቦይሹስና ባልደረቦቿ ከኦሪጎን ፊት ለፊት ከሚገኘው ሃይድሬት ሪጅ በመጣ ጭቃ ውስጥ ሕያዋኑን በማይክሮስኮፕ አዩ። መቶ ያህል የአርኬያ ሕዋሳት መሃል ላይ ተከማችተዋል፤ ሰልፌት የሚጠቀሙ ባክቴሪያዎች ደግሞ ዙሪያቸውን ከበዋል። አብረው ሚቴኑን ሲያቃጥሉ ሁለት ነገር ይወጣል። አንዱ ባይካርቦኔት ነው፤ ከባሕሩ ካልሲየም ጋር ተዋህዶ የኖራ ድንጋይ ይሆናል። ሌላው ሃይድሮጂን ሰልፋይድ ነው፤ ዛጎሎቹንና ትሎቹን የሚያበላው ይኸው ነው። ድንጋዩና እንስሳው የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ማኅበረሰቡ ገና በሕይወት እያለ መቃብሩ ከሥሩ ይሠራለታል፤ እነዚህ ቅሪተ አካላት ይህን ያህል ዘመን የቆዩትም በዚሁ ምክንያት ነው።

ከዚህ በኋላ ታሪኩ ወደ አፍሪካ፣ ወደ ሞሮኮ ዞረ። በአንቲ አትላስ፣ ሐማር ለግዳድ በሚባለው ቦታ የቆመው የሆላርድ ጉብታ ከ380 ሚሊዮን ዓመት በላይ ያስቆጠረ የሃይድሮካርቦን ምንጭ እንደሆነ ዮርን ፔክማንና ባልደረቦቹ በ1999 ጽፈው ነበር። በ2004 ደግሞ ሮቤርቶ ባርቢየሪና ሁለት ጣሊያናውያን ባልደረቦቹ ከመካከለኛው አትላስ የሲሉሪያን ዘመን ምንጭ ይዘው ቀረቡ። ዕድሜው 420 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። ነዋሪዎቹ ተጨናንቀው የኖሩ ብራኪዮፖዶች ናቸው። በየብስ ላይ ገና ጫካ አልነበረም፤ በባሕር ወለል ላይ ግን ሚቴኑን የሚጠብቅ መንጋ ነበር።

በ2012 የኒውዮርኩ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ባልደረባ ኒል ላንድማንና ጓደኞቹ ወደ ቲፒ ኮረብታዎች ዘመን ተመለሱ፤ ይህን ጊዜ በሳውዝ ዳኮታ። እዚያ ከሉሲና ጋር አሞናይቶች ይገኛሉ፤ አሞናይት የስኩዊድ ዘመድ የሆነ፣ ዛጎል ያለውና የሚዋኝ እንስሳ ነው። የሚዋኝ እንስሳ በምንጩ በኩል ሲያልፍ ሞቶ ሊሆን ይችላል። ዛጎሎቹ ግን የቀስተ ደመና ቀለማቸውን እስካሁን እንደያዙ ስለተጠበቁ ካርቦናቸውን መለካት ተቻለ። ልኬቱ ከተራ የባሕር ዛጎል በጣም የወረደ ሆነ፤ የሚቴኑ ካርቦን ወደ ዛጎላቸው ገብቷል። አሞናይቶቹ መንገደኞች አልነበሩም፤ እዚያው አድገዋል።

በ2017 ከፖላንድ የመጣ ቡድን የሆላርድ ጉብታን ባለሁለት ክዳን ዛጎሎች እንደገና መርምሮ አንዱን አታቪያኮንካ ብሎ ሰየመው። ትልቅና ረዘም ያለ ዛጎል ነው። በቅርጹ ከእርሱ በኋላ ብዙ ሚሊዮን ዓመታት ቆይቶ በግሪንላንድ ምንጮች የኖረውን ካስፒኮንካን፣ ዛሬ በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ያለውን ባቲሞዲዮለስንም ይመስላል። ሦስቱ ግን የተለያየ ቤተሰብ ናቸው። እያንዳንዱ ወገን ወደ ምንጩ የመጣው በራሱ መንገድ፣ ያለፈው ከጠፋ በኋላ ነው፤ ሚቴኑ በሚሰርግበት ጭቃ ላይ መኖር ሲጀምር ግን ቀድሞ በዚያ የነበረውን መልክ ያዘ።